ማጭድና ቀጠሮ፤ የመንዝ ጓሳ የሣር አጨዳ ታሪክ

በአገራችን የእርሻ ታሪክ ውስጥ እህል ሰፊ ሥፍራ ሲይዝ ሣር ግን ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ይገኛል። ስለ ጤፍ፣ ስለ ገብስና ስለ ስንዴ ብዙ ተጽፏል፤ ገበሬው በሬውን በምን ቀልቦ እንዳረሰና ጎጆውን በምን ከድኖ ከደጋው ቁር እንደተጠለለ የሚያስረዳው ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው። የሣር ነገር ሲነሣም ውይይቱ ወዲያውኑ ወደ መሣሪያ ያዘነብላል። በማጭድ ማጨድ ይበጃል ወይስ በማጨጃ መኪና? ድርቆሹን የሰው ጫንቃና አህያ ያጓጉዘው ወይስ ትራክተር? እነዚህ ጥያቄዎች ለእርሻ ባለሙያ ተገቢ መሆናቸው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ታሪክ ሲመረመር ከመሣሪያው አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ መኖሩን ያመለክታል። ይኸውም ሣሩ የሚታጨድበትን ቀን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው።

ሥፍራውና ሣሩ

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚያዘቀዝቀው ተራራ ጫፍ ላይ የተዘረጋ ውርጫማ ደጋ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከዚህ ሜዳ የሚመነጩት ምንጮችና ጅረቶች ከፊሎቹ ወደ ምዕራብ ወርደው ለዓባይ ሲገብሩ፣ ከፊሎቹ በምሥራቁ ገደል ተንደርድረው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይገባሉ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት፣ ጅብራና አስታ የሚበቅሉበት በመሆኑ በዱር አራዊት ተመራማሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ለአካባቢው ገበሬ ግን ጓሳ ከሁሉ በፊት የሣር አገር ነው።

የሥፍራው ስም ራሱ የሣሩ ስም ነው። ጓሳ የእጽዋት ሊቃውንት ፌስቱካ ብለው ከሚጠሩት ወገን የሚመደብ፣ ጉብታ ጉብታ እየሠራ የሚያድግ፣ ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ ሣር ነው። ብርዱ ስለሚጸና እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ አንድ ጊዜ ሥሩ ከተነቀለ ወይም መሬቱ ከታረሰ ተመልሶ ለመልማት ረጅም ዘመን ይፈልጋል። ይህ የሣሩ ጠባይ ከዚህ ቀጥሎ ለሚተረከው ታሪክ ሁሉ መሠረት ነው።

የመንዝ ሰው ከጓሳ የሚያገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፤ በጓሳ የተከደነ ቤት ዝናሙንም ብርዱንም ለብዙ ዓመታት ይችላል። ተገምዶ ገመድ ይወጣዋል። ተጎንጉኖ እረኛው በክረምት የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል። ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል፤ ተነጥፎም መኝታ ይሆናል። የተረፈው ለገበያ ይወጣል። ከዚህም በላይ ሜዳው ለመንዝ በግ፣ ለበሬና ለጋማ ከብት የበጋ ግጦሽ፣ በድርቅ ዘመን ደግሞ የመጨረሻ መጠባበቂያ ነው። በታች ባለው ማሳ ገብሱ በውርጭ ሲመታና ጭዱ ሲያልቅ የገበሬው ዓይን ወደ ጓሳ ያቀናል።

የቄሮ ሥርዓት

ይህን የመሰለ ሀብት ያለ ጥበቃ ቢተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚራቆት የመንዝ አባቶች ቀደም ብለው ተረድተውት ነበር። ስለዚህም ቢያንስ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለትን የቄሮ ሥርዓት አቆሙ። ዘመኑ ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ የሸዋን መስፍንነት የመሠረተበት ዘመን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በአካባቢው አፈ ታሪክ መሠረት መሬቱን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ሲሆኑ፣ የሁለቱም ድርሻ በፈረስ ግልቢያ እንደተለየ ይተረካል። ጓሳም በዚሁ መሠረት በአስቦና በጌራ ወገን ተከፍሎ፣ ከዚያ በታች ደግሞ በየአጥቢያው ተደልድሎ ይጠበቅ ነበር።

የሥርዓቱ ራስ አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባል ነበር። ይህ ሰው በባለ ርስቶቹ የሚመረጥ ሲሆን ሥራው ሜዳውን መዝጋት፣ ማስጠበቅና ጊዜው ሲደርስ መክፈት ነበር። ጓሳ በተዘጋ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ማጭድም ሆነ ከብት አይገባበትም። ጥበቃው ለቅጥረኛ የተተወ አልነበረም፤ አቅም ያለው ባለ ርስት ሁሉ ተራ ገብቶ ይጠብቅ ነበር። ከጥበቃ የቀረም፣ ተሰውሮ ሣር ያጨደም ይቀጣል።

ሣሩ መድረሱ በታየ ጊዜ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ ከዚያም የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ላይ ይነገራል። ቀኑ የሚውለው በበጋው ወራት፣ ደረቁ ሲጸና ነበር። በቅድሚያ አጨዳው ይካሄዳል፤ አጨዳው ሲያበቃ ከብቱ ይገባል። የክረምቱ ዝናም ሲጀምር ሰውም ከብትም ሜዳውን ለቆ ይወጣና የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ጓሳ ይዘጋል።

ይህ የቀን አቆጣጠር ከሃይማኖታዊ ልማድነቱ ባሻገር ከሣሩ ተፈጥሮ ጋር የተስማማ መሆኑ ለባለሙያ ግልጽ ነው። በበጋ ሣሩ እድገቱን አቁሞ ምግቡን ወደ ሥሩ የመለሰበት ጊዜ ስለሆነ አጨዳ እምብዛም አይጎዳውም። በአንጻሩ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም አዲስ ቅጠል የሚያወጣበት፣ ቀጥሎም የሚያብብበትና ዘር የሚይዝበት ወቅት ነው። ሥርዓቱ ሣሩን በብርታቱ ጊዜ አሳርፎ በዕረፍቱ ጊዜ ያጭደዋል ማለት ነው። ጠላቂ ትምህርት የሌላቸው ገበሬዎች ይህን ያወቁት በብዙ ትውልድ ልምድ ነው።

የአጨዳው ሥራ

ጓሳ ሲከፈት ቤተሰቡ ሁሉ ማጭዱንና ገመዱን ይዞ ወደ ሜዳው ይወጣል። አጫጁ የሣሩን ጉብታ በግራ እጁ ጨብጦ ከሥሩ ከፍ አድርጎ ይቆርጣል፤ የታጨደው በነዶ በነዶ እየታሰረ ይደረደራል። ማሠሪያው ራሱ ከጓሳው የተጠመዘዘ ነው። ከዚያ በሰው ጫንቃና በአህያ ጀርባ እየተጫነ ወደ መንደር ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ሊጤን ይገባዋል። ለቤት ክዳን የሚመረጠው ጓሳ የበሰለ፣ ረጅምና የጠነከረ ነው። ለከብት መኖ የሚበጀው ድርቆሽ ግን ሣሩ ገና ሲያብብ፣ ሳይጠነክር የታጨደ ነው፤ ሣር እየበሰለ በሄደ መጠን ፕሮቲኑ ይቀንሳል፣ አገዳማነቱ ይጨምራል፣ ለከብትም ለመፈጨት ያስቸግራል። ስለዚህ አንዱ ሜዳ በአንድ ቀጠሮ ሁለቱንም ፍላጎት ፍጹም ሊያረካ አይችልም። የቄሮ ሥርዓት ይህን ችግር የፈታው ቅደም ተከተል በማበጀት ነው። መጀመሪያ የበሰለው ለክዳን ይታጨዳል፤ ከዚያም የተረፈውን ቅጠልና በጉብታው ሥር ያለውን ለጋ ሣር ከብት ይግጠዋል። ለድርቆሽ የሚሆነው ለስላሳ ሣር የሚገኘው ደግሞ በአብዛኛው ከጓሳው በታች፣ በየመንደሩ ባለው ረግረግና በየማሳው ድንበር ላይ ነው። ይህም በመኸሩ ማብቂያ ታጭዶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ከገብስና ከባቄላ ገለባ ጋር ተከምሮ ለበጋ ይቆያል።

በአገራችን ድርቆሽ በስፋት ለገበያ የሚቀርብበት ሥፍራ ለምሳሌ ሱሉልታ ነው። በዚያ የሚታጨደው ሣር የአዲስ አበባን የወተት ላሞች ሲቀልብ ኖሯል። የሱሉልታ ሜዳ ለጥ ያለ፣ ገበያውም ቅርብ ነው። የመንዝ ደጋ ግን ከሁለቱም ይርቃል። አጫጁም ድርቆሹን ከሸጠበት ይልቅ የራሱን ከብት ያተረፈበት ዓመት ይበዛል።

ከ1967 ወዲህ

የቄሮ ሥርዓት ሲመሰገን ያላካተታቸው ሰዎች መኖራቸውም መዘንጋት የለበትም። በጓሳ የመጠቀም መብት ከአጽመ ርስት ጋር የተያያዘ ነበር። ከአስቦ ወይም ከጌራ የዘር ሐረግ መወለዱን ያላስመሰከረ ሰው በአጠገቡ እየኖረ በዓይኑ ከማየት በቀር ማጭድ ሊያነሣበት አይችልም ነበር። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ሰምና ወርቅ በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ የመንዝ ሰው ለርስቱ ያለውን ፍቅር በሰፊው ገልጾታል። ያ ፍቅር ጓሳን ጠብቋል፤ በዚያው ልክ ርስት አልባውን ከበር ውጭ አቁሞታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 በታወጀ ጊዜ አጽመ ርስት አበቃ። ከርስቱ ጋር የተሳሰረው የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ። ለዘመናት ተገልለው የቆዩ ጎረቤቶች መብት አገኙ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ይሁን እንጂ ሜዳውን የሚዘጋና የሚከፍት ባለ ሥልጣን ጠፋ። አዋጁ የገበሬ ማኅበራትን ያቋቋመው 20 ጋሻ ወይም 800 ሔክታር የሚሆን ስፋትን መነሻ በማድረግ ነበር። ጓሳ ግን 10,000 ሔክታር ገደማ የሚሆን፣ ብዙ ማኅበራት የሚዋሰኑበት ሜዳ ነው። በመሆኑም አንዱ ማኅበር ብቻውን ሊዘጋው አይችልም፤ አንዱ ቢጠብቅ በሌላው በኩል ይታጨዳል። ለጎረቤት ከብት እንዳይተርፍ በሚል ሥጋት እያንዳንዱ ቀድሞ ለማጨድ ተሽቀዳደመ። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ከብቱ በክረምት ገባ፤ በጠርዙም እርሻ እየገፋ መጣ።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ከጓሳ ላይ የተለወጠ መሣሪያ አልነበረም። ሜዳውን ለዘመናት ሳይጎዳ ያጨደው ያው ማጭድ አሁን ያራቁተው ጀመር። ይህን ልዩነት ያመጣው ቀጠሮው መፍረሱ እንጂ የብረቱ ስለት አይደለም።

የትራክተሩ ነገር

በዚያው ዘመን በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ትራክተር የእድገት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። በጭላሎ አውራጃ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1960 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው፣ ካዱ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የእርሻ ልማት ድርጅት ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። ነገር ግን የተሻሻለው ዘርና ማዳበሪያ የመሬቱን ጥቅም ከፍ ባደረገው መጠን ባለ መሬቶች ትራክተር አስገብተው ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። ከለውጡ በኋላ ደግሞ የመንግሥት እርሻዎች ተስፋፉ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽም በሶቭየት ኅብረት ትብብር በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ። በጭላሎ የታየው ነገር ከጓሳው ጋር ይመሳሰላል። መሣሪያው የሚያመጣው ውጤት መሬቱ በተያዘበት ሥርዓት የሚወሰን መሆኑን ሁለቱም በየበኩላቸው ያሳያሉ።

ትራክተር ለመንዝ ሣር አጨዳ ያልደረሰበት ምክንያት የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። በመሆኑም 60 የፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ ትራክተር በጓሳ ከፍታ ላይ የሚሰጠው 40 ገደማ ነው። መሬቱ ተዳፋት ነው። የጓሳው ጉብታ፣ ድንጋዩና ፍልፈል የቆለለው አፈር የማጨጃውን ጥርስ ይሰብራል፤ የተሰበረውን መለዋወጫ ለማግኘት ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው። የአንድ ገበሬ ይዞታም ለማሽኑ መዞሪያ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ አለ።

ይህ ማለት ግን አጫጁ ለዘላለም ጎንበስ ብሎ ይቅር ማለት አይደለም። አጃና ጓያ መሰል የመኖ ሰብሎችን ቀላቅሎ ዘርቶ ለድርቆሽ ማጨድ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ሲሞከር ቆይቷል። የዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ማዕከል በ1960ዎቹ ውስጥ በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ በደብረ ብርሃን ጣቢያው በደጋው ከብትና እርሻ ላይ ጥናት አካሂዷል። የመንዝን በግ ለማሻሻል የተቋቋሙት የደብረ ብርሃንና የአመድ ጉያ የበግ ማራቢያ ማዕከላትም ድርቆሽ ለበጋ ማከማቸት ለደጋው በግ አርቢ ያለውን ጥቅም ያሳያሉ። ሜዳ ላይ ለሚገኝ ማሳ አነስተኛ ማጨጃ፣ ለተዳፋቱ ደግሞ የተሳለ ማጭድ፣ የደረቀውንም ሣር በእንጨት ሳጥን ረግጦ በገመድ ማሰር ያዋጣል። እንዲህ የታሰረ ድርቆሽ ለመጫን፣ ለመቁጠርና ከዝናም ለመከለል ይቀላል። እነዚህ ሁሉ የሚጠቅሙት ግን ሣሩ እስኪደርስ የሚጠብቀው ካለ ነው።

ኮሚቴው

የጓሳ ታሪክ በጥፋት አላበቃም። ሜዳው እየሳሳ መሄዱን የተመለከቱ የአካባቢው ሰዎች ከአዋሳኝ ቀበሌዎች የተውጣጡ ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁመው ሜዳውን እንደገና መዝጋትና መክፈት ጀመሩ። አዲሱ ደንብ ከአሮጌው የወሰደው ብዙ ነገር አለው፦ የመዝጊያው ዘመን፣ የጋራ ጥበቃው፣ በሕዝብ ፊት የሚታወጀው የመክፈቻ ቀን፣ ጥፋተኛን መቅጣቱ። ከአሮጌው የተለየበት ዋናው ነጥብ የባለ መብቱ ማንነት ነው። ቀድሞ ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቅ ነበር፤ አሁን የየት ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነ ይጠየቃል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የአማራ ክልል መንግሥት ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀለት። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮም በጭላዳ ዝንጀሮ ላይ ጥናት የሚያካሂዱ ተመራማሪዎች በሥፍራው ተተክለው ሠርተዋል።

የመንዝ ገበሬዎች ያገኙት መፍትሔ በዓለም ላይ ብቸኛ አይደለም። በስዊስ ተራሮች ቶርበል የምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1517 በጻፈችው ደንብ ማንም ሰው በበረዶው ወራት በራሱ መኖ ሊቀልበው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው የጋራ ግጦሽ እንዳይልክ ከልክላ ነበር። እዚያም ድርቆሽ የግጦሹ ልክ ሆኖ አገልግሏል። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት እንደሆነ ጽፎ ብዙዎችን አሳምኖ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ቶርበልን ከመሰሉ መንደሮች ተነሥታ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ ባወጡበትና ባስከበሩበት ሥፍራ የጋራ ሀብት ለዘመናት ሊጸና እንደሚችል አስረዳች፤ በ2009ም የኖቤል የኤኮኖሚ ሽልማት ተቀበለች። ከ1967 በፊትና በኋላ ያለው የጓሳ ታሪክ የሁለቱንም ሊቃውንት ክርክር በአንድ ሜዳ ላይ ያሳያል። ሃርዲን የፈራው የደረሰው ደንቡ በፈረሰበት ዘመን ነው፤ ደንቡ ሲመለስ ሣሩም ተመልሷል።

ዛሬ የጓሳ ሣር ፈተናው ሌላ መልክ ይዟል። ቆርቆሮ በየመንደሩ እየተስፋፋ ሲሄድ ለክዳን የሚፈለገው ሣር ይቀንሳል። ይህም ለሜዳው ዕረፍት ይመስላል። ነገር ግን ሜዳው ለዘመናት እንዲዘጋ ምክንያት የሆነው ከሞላ ጎደል ይኸው የክዳን ሣር ነው። አምስት ዓመት የሚያስጠብቀው ጥቅም ሲያንስ፣ በየዓመቱ ለከብት እንዲከፈት የሚጠይቀው ድምፅ ይበረታል፤ መሬት ያልደረሰው ወጣትም ሜዳውን ለእርሻ ይመኘዋል። በመሆኑም ለደጋው የድርቆሽ ዘዴ የሚያጠና ባለሙያ ሁሉ የማጨጃውን ዋጋና የድርቆሹን ጥራት ከማስላቱ ጋር አንድ ተጨማሪ ሥራ ይጠብቀዋል። ከኮሚቴው ጋር ተቀምጦ፣ ለክዳን ይውል የነበረው ሣር ለመኖ ሲለወጥ አዲሱ የመክፈቻ ቀን የትኛው እንደሚሆንና ከዚያ በፊት ማጭዱን ማን እንደሚያስቀምጥ መምከር አለበት። የመንዝ አባቶች ለዚህ ጥያቄ በዘመናቸው መልስ ሰጥተውበታል፤ መልሱ ከነጉድለቱም ቢሆን ሣሩን ለዚህ ትውልድ አድርሶታል።